የቅባቱ ቁጥርና የልብ ዕጣ፦ የግፊት መድኃኒቶች በኮሌስትሮል ላይ የሚያመጡት ለውጥ እንዴት ይመዘን?

የግፊት መድኃኒት የደም ቅባትን ይለውጣል የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ በተለይ በቀን 50 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ይታዘዙ በነበረበት ዘመን፣ ጎጂውን ኮሌስትሮል ኤልዲኤልንና ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጉ ነበር። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎልን የመሳሰሉት ቤታ ብሎከሮች ደግሞ ኤልዲኤልን ብዙም ሳይነኩ ትራይግሊሰራይድን ይጨምራሉ፣ ጠቃሚ የሚባለውን ኤችዲኤል ይቀንሳሉ። ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንደሚለው ነገሩ የሚፈጸመው በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ነው። ጉበት ትራይግሊሰራይድ አሸክሞ የሚልካቸውን ቅንጣቶች እዚያ የተጣበቀው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ይፈታቸውና ቅባቱን ለጡንቻ ያቀብላል። የቤታ ተቀባዮች ሲዘጉ ግን ደም ሥር የሚያጠቡት የአልፋ ተቀባዮች ከልካይ ያጣሉ፤ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ደም ያንሳል፣ የኢንዛይሙም ሥራ ይዳከማል። ቅባቱ በደም ውስጥ ይቆያል፤ ከቅንጣቶቹ መፈታት የሚተርፈው ሽፋን ለኤችዲኤል ግብዓት ነበርና እሱም አብሮ ይወርዳል። አልፋንም ጭምር የሚዘጋው ካርቬዲሎል ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና አምሎዲፒን በቅባት ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የላቸውም።

እንግዲህ ቅባት የማይጨምረው መድኃኒት ይሻላል ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እኔ ግን ድምዳሜው ስሕተት ነው እላለሁ። የሚመዘነው መድኃኒቱ ልብንና አንጎልን ምን ያህል ጠበቀ የሚለው ነው። ለዚህ ኦልሃት ከተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት የተሻለ ምስክር አላውቅም። በጥናቱ ከ42 ሺህ በላይ ሰዎች ተካፍለዋል፤ ከሚነጻጸሩት አራት መድኃኒቶች አንዱ የአልፋ ተቀባዮችን የሚዘጋው ዶክሳዞሲን ነበር። ዶክሳዞሲን ኤልዲኤልን ዝቅ፣ ኤችዲኤልን ከፍ ስለሚያደርግ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚመረጠው እሱ ነው። ሆኖም የልብ ድካም ከሚያሸኑት መድኃኒቶች ወገን የሆነውን ክሎርታሊዶን ከሚወስዱት በእጥፍ ስለበዛበት እ.ኤ.አ. በ2000 ያ ክፍል ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ግፊትን ከክሎርታሊዶን በጥቂቱ ያነሰ ስለቀነሰ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቧል። ልዩነቱ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱ እሱ ቢሆን እንኳ ከቅባቱ ይልቅ የግፊቱን ክብደት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቀሪዎቹ ሦስት መድኃኒቶች ውጤት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ አማካይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል በክሎርታሊዶን 197.2፣ በአምሎዲፒን 195.6፣ የኢናላፕሪል ዓይነት በሆነው ሊሲኖፕሪል 195.0 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር መሆኑን አሳየ። ለዓመታት ያከራከረን ልዩነት ሁለት ነጥብ ያህል ነው! በልብ ድንገተኛ ሕመምና በዚሁ በሚመጣ ሞት ሦስቱ አልተለያዩም፤ የልብ ድካምን በመከላከል እንዲያውም ክሎርታሊዶን በልጧል።

የጥናቱ ተሳታፊዎች ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ነበር፣ ክትትሉም በአማካይ አምስት ዓመት አልሞላም፤ መድኃኒቱን ለ30 ዓመት የሚወስድ ወጣትስ? ተቃውሞው ከባድ ነው፣ ላልፈውም አልሻም። በተለይ በአራተኛው ዓመት አዲስ የስኳር ሕመም በክሎርታሊዶን 11.6 በመቶ፣ በሊሲኖፕሪል 8.1 በመቶ መገኘቱ ያሳስባል። ስለዚህ ስኳር ሊይዘው የተቃረበ ወይም ትራይግሊሰራይዱ አስቀድሞ የናረ ወጣት በኢናላፕሪል ወይም በአምሎዲፒን ቢጀምር ተገቢ ነው። ይህ ግን በ12.5 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግፊቱ የተስተካከለለትን፣ በርካሽነቱም ሳያቋርጥ የሚወስደውን ሰው መድኃኒት ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። የላይኛው ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ስትሮክ ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ ሁለት ነጥብ ኮሌስትሮል ይህን አይስተካከልም። ቅባቱ በእርግጥ ከፍ ብሎ ከተገኘ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ ስታቲን ይጨመርለታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቅባት የማይነካው አምሎዲፒን ነው፤ የአንዱን ስታቲን፣ የሲምቫስታቲንን፣ መጠን በደም ውስጥ ስለሚያሳድግ፣ ሁለቱን አብሮ ለሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም።