‘ዴንግ’፡ የዝናብን ስም የተሸከሙ ወንዶች

በደቡብ ሱዳን ዲንካዎች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት የወንድ ስሞች አንዱ ‘ዴንግ’ ነው። ትርጉሙ ‘ዝናብ’ ማለት ነው።

ስሙ ዝናብ ሲዘንብ ወይም በክረምት ለተወለደ ልጅ ይሰጣል። የአያት ወይም የቅድመ አያት ስም እንዳይጠፋ ተብሎም ይወጣል።

ዲንካዎች ከብት አርቢዎች ናቸው። በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዝ ዳር የግጦሽ ሜዳ ይነዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ወደ ከፍታ ቦታ ተመልሰው ማሽላ ይዘራሉ። ዝናብ ከቀረ ሣሩም እህሉም ይጠፋል።

በመሆኑም ‘ዴንግ’ ከሰው ስምነት ባሻገር በባህላዊው እምነት ከዝናብና ከመብረቅ ጋር የተያያዘ ኃያል መንፈስ መጠሪያ ነው።

ይህ መንፈስ በጋምቤላም በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ ይታወቃል። በ1906 ያረፈው ዝነኛው የኑዌር ነቢይ ንጉንዴንግ ቦንግ የዴንግ መንፈስ ያደረበት እንደሆነ ይታመን ነበር። ‘ንጉንዴንግ’ የሚለው ስምም ‘የዴንግ ስጦታ’ እንደማለት ነው።

ስሙ ለሴቶችም መጠሪያ ሆኗል። ‘ኒያንዴንግ’ በሚለው ስም ውስጥ ‘ኒያን’ ሴት ልጅን ያመለክታል። የጆን ጋራንግ ባለቤት የነበሩትና በ2020 የደቡብ ሱዳን ምክትል ፕሬዝዳንት የሆኑት ርብቃ ኒያንዴንግ በዚህ ስም ይታወቃሉ።

እንደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በዲንካዎችም ዘንድ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው። በ1985 በዋው ከተማ የተወለደው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ፣ ዓለም የሚያውቀው በአባቱ በአልዶ ዴንግ ስም ነው።

በ1983 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት ይህን ስም ወደ ሰሜን አሻገረው። ከደቡብ የሸሹ ቤተሰቦች ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ተፈናቃዮች ጋር በደቡባዊ ካርቱም በሚገኘው ማዮ ሰፈሩ። ‘ማዮ’ ራሱ ስያሜው አረብኛ ሲሆን፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ማለት ነው።

ካርቱም በዓመት የሚዘንብባት ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዚያ ተወልደው ‘ዴንግ’ የተባሉ ልጆች ስማቸው የሚያወሳውን አረንጓዴ ሜዳ ሳያዩ፣ አረብኛ እየተናገሩ አደጉ።

በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ ሱዳን ሕጓን አሻሽላ የአዲሲቱን አገር ዜግነት ያገኙ ሰዎች ሱዳናዊነታቸውን እንዲያጡ አደረገች። ቀድሞ የትውልድ ሐረግን ብቻ ይናገር የነበረ ስም፣ ከዚያ ወዲህ የውጭ ዜጋነት ምልክትም ሆነ።

ሚያዝያ 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ብዙዎችን ዳግም አፈናቀለ። በመስከረም 2023 በማዮ በሚገኝ ገበያ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 43 ሰዎች ተገድለዋል።

ከካርቱምና ከሌሎች የሱዳን አካባቢዎች የሸሹ በርካታ ደቡብ ሱዳናውያን በድንበር አቅራቢያ ባለችው ሬንክ ከተማ በኩል ገብተዋል። ከእነርሱ መካከል በሱዳን ተወልደው ያደጉ፣ የአባቶቻቸውን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡ ይገኙበታል።

እነዚህ ሰዎች ቤትና ንብረታቸውን ጥለው ቢመጡም፣ በዚያ ምድር ‘ዴንግ’ የሚል ስም ይዞ የመጣ ሰው ትርጉሙን ማስረዳት አይጠበቅበትም።