የሃይብሪድ መኪና ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቅየራ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በመኪና የጭስ ማውጫ መስመር ላይ የሚገጠም፣ ከሞተሩ የሚወጡ መርዛማ ጋዞችን ጉዳታቸው ወደሚያንስ ጋዞች የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሃይብሪድ መኪና በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር በጋራ ስለሚሠራ፣ የተበላሸ ኮንቨርተር ሲቀየርለት ከተራ የቤንዚን መኪና የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሌላ ብልሽት ምክንያት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ቅየራ አዲሱንም ዕቃ ለተመሳሳይ ጉዳት ይዳርጋል።

አሠራር

በብረት ሽፋኑ ውስጥ የማር እንጀራ የሚመስል፣ ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት ሴራሚክ ይገኛል። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች በስሱ ተቀብተውበታል። ጋዙ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ናይትሮጅን ይለወጣሉ።

ኮንቨርተሩ በደንብ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። በሃይብሪድ መኪና ሞተሩ በየጊዜው ስለሚጠፋ ኮንቨርተሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በዚህም ምክንያት የመኪናው ኮምፒውተር ኮንቨርተሩን ለማሞቅ ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳ ይችላል።

ታሪክ

ለመኪና የሚሆን ካታሊቲክ ኮንቨርተር በማበልጸግ የሚታወቀው በአሜሪካ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። በወቅቱ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ውድ ብረቶቹን ሸፍኖ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸው ስለነበር ዕቃው ወዲያው አልተስፋፋም። በአሜሪካ በስፋት መገጠም የጀመረው ከ1975 ሞዴል መኪኖች አንስቶ ሲሆን፣ እርሳስ የሌለው ቤንዚንም አብሮት ተስፋፋ። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሃይብሪድ መኪና ቶዮታ ፕሪየስ በጃፓን ለገበያ የቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

የብልሽት ምክንያቶች

ካንዴላ ወይም ኮይል ሲደክም ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ኮንቨርተሩ ገብቶ እዚያው ይቃጠላል፤ ሙቀቱም ሴራሚኩን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ውድ ብረቶቹን ይሸፍናቸዋል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠልም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ከታች በድንጋይ መመታት ደግሞ ሴራሚኩን ይሰባብራል።

ሌላው የቅየራ ምክንያት ስርቆት ነው። የሃይብሪድ ሞተር የሚሠራው ለአጭር ጊዜ በመሆኑ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ውድ ብረቶች ብዙም ሳይጎዱ ይቆያሉ፤ ይህም ሌቦችን ይስባል። በተለይ ከ2004 እስከ 2009 የተመረቱ የፕሪየስ ሞዴሎች በአሜሪካ በብዛት ተሰርቆባቸዋል። መኪናው በኤሌክትሪክ ጸጥ ብሎ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ስርቆቱን የሚያውቀው የቤንዚኑ ሞተር ተነስቶ ሲያጓራ ሊሆን ይችላል።

ምርመራ

ከኮንቨርተሩ በፊትና በኋላ የኦክስጅን መጠን የሚለኩ ሴንሰሮች አሉ። ኮንቨርተሩ ጤነኛ ሲሆን የኋለኛው ሴንሰር ንባብ እምብዛም አይዋዥቅም። ንባቡ በተደጋጋሚ ከፍና ዝቅ ካለ ኮምፒውተሩ ፒ0420 የተባለውን ኮድ መዝግቦ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ያበራል። ይሁን እንጂ የጭስ ማውጫው ማፍሰስ ወይም የሴንሰር ብልሽትም ይህንኑ ኮድ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ኮንቨርተር ከመገዛቱ በፊት ሁለቱም ይመረመራሉ።

አቀያየር

ሃይብሪድ መኪና ሬዲ የሚለው መብራት እስከበራ ድረስ ጸጥ ብሎ ቢቆምም ሞተሩ በማንኛውም ሰዓት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ መኪናው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ቁልፉ ከመኪናው ይርቃል፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድም ይፈታል። በብዙ ሞዴሎች ከወለሉ ሥር የሚያልፉት ብርቱካንማ ገመዶች ከ200 ቮልት በላይ ሊሸከሙ ስለሚችሉ አይነኩም።

የጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ከተጠበቀ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሳና በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ለሞት ይዳርጋል። ቀጥሎ ሴንሰሩ ይነቀላል። የዛጉት ብሎኖች ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ተረጭቶባቸው ይፈታሉ፤ አሮጌው ኮንቨርተርም ይወጣል። አዲሱ የሚገጠመው በአዲስ ጓርኒሲዮን ነው።

በመጨረሻ ባትሪው ይገናኛል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ ሞተሩ ተነስቶም ጋዝ የሚያፈስ ቦታ አለመኖሩ ይረጋገጣል። ኮዱ መሰረዙ ብቻ የጥገናውን መሳካት አያሳይም፤ ኮምፒውተሩ ኮንቨርተሩን እንደገና ፈትሾ እስኪጨርስ ድረስ መኪናው መነዳት አለበት።

ሕግና ዋስትና

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ኮንቨርተርን አውጥቶ በባዶ ቱቦ መተካት የተከለከለ ነው። አምራቾችም ለመኪናው የመጀመሪያ ኮንቨርተር የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ የሚተካው ዕቃ በግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የተፈቀደ መሆን አለበት።