ስቃይን የማስታገስ ትምህርት፦ ከአር-ራዚ ጉባኤ እስከ ካምፓላ

ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ገና ከደጃፉ የማቃሰት ድምፅ ያልሰማ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ቤተሰቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት ነገር የለም ብለው መለሱት» ይላል። ጠያቂውም «አላህ ያሽረው» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሌሊቱን ግን ሕመምተኛው ብቻውን ይገፋዋል።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። በሽታው የማይድን ሆነ ማለት ስቃዩም የማይታገስ ሆነ ማለት ነውን? ሐኪሙ እጁን ያጣጠፈው መድኃኒት ስለሌለ ነው ወይስ ስላልተማረው? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አለው። (ከሂጅራው ውጭ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሕመምተኛው ፊት የተሰጠ ትምህርት

በ313 ሂጅራ (925) ገደማ ያረፈው አቡበክር አር-ራዚ በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመራ ሐኪም ነበር። ኢብኑ አን-ነዲም እንደዘገበው፣ አር-ራዚ ሲያስተምር ተማሪዎቹ በዙሪያው ክብ ሠርተው፣ የእነርሱም ተማሪዎች ከኋላቸው ሌላ ክብ ሠርተው ይቀመጡ ነበር። ሕመምተኛው ሲመጣ ችግሩን በመጀመሪያ የሚናገረው በውጭ ላሉት ነው። እነርሱ ካወቁት ይመልሱለታል። ካላወቁት ወደ ውስጠኞቹ ያልፋል። ሁሉም ሲያቅታቸው መምህሩ ይናገራል። በዚህ ጉባኤ የትምህርቱ መነሻ ሕመምተኛው በራሱ አንደበት የሚናገረው ቃል እንደነበረ ልብ ይሏል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ሕመምን ራሱን የቻለ የትምህርት ርዕስ አደረገው። የሚወጋ፣ የሚያሳክክ፣ የሚከብድ፣ የሚበሳ እያለ አሥራ አምስት የሕመም ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ማስታገሻዎችንም እንዲሁ በየፈርጃቸው ለይቷል። እውነተኛው ማስታገሻ የሕመሙን ምክንያት የሚያስወግደው ነው። ስሜትን የሚያደነዝዙት ግን ሌላ ክፍል ናቸው፤ ከእነርሱም ኃይለኛው አፍዩን (ኦፒየም) ነው ብሏል።

ይህ እውቀት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ549 ሂጅራ (1154) ኑረዲን በደማስቆ፣ በ683 ሂጅራ (1284) ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያሠሯቸው ሆስፒታሎች በወቅፍ ገቢ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሕክምና ይሰጥባቸው በነበረው ግቢ የሕክምና ትምህርትም ይሰጥባቸው ነበር።

መድኃኒቱ ተገኘ፣ ትምህርቱ ዘገየ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘርትዩርነር የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከአፍዩን ውስጥ ሞርፊንን ለይቶ አወጣ። እነሆ ከባድ ሕመምን የሚያስታግስ መድኃኒት ተገኘ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የካንሰር ሕመምተኞች በታላላቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ሳይቀር እየጮኹ ሞተዋል። ምክንያቱ ምን ነበር? የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በሽታን ማዳን ነው። ለማይድነው ሰው ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር አልነበረም። ሱስን በመፍራትም ሞርፊን የሚሰጠው ሕመምተኛው ስቃዩ ጠንቶበት ሲለምን ብቻ ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት (1918–2005)። በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎም በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። ለሞት የተቃረቡ ሕመምተኞችን ለመርዳት ሐኪም መሆን እንደሚያስፈልጋት በተረዳች ጊዜ እንደገና ተማሪ ሆነች፤ በ1957 በሐኪምነት ተመረቀች። ከ1958 ጀምሮ በለንደኑ ቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ ስትሠራ ሞርፊን ሕመሙ ከመመለሱ በፊት፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በአፍ እንዲሰጥ አደረገች። የእያንዳንዱንም ሕመምተኛ ሁኔታ በጥንቃቄ መዘገበች። በዚህ መንገድ ስቃዩ የታገሠለት ሰው አእምሮው ሳይደነዝዝ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር እንደሚችል አሳየች። በ1967 ያቋቋመችው የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ሕክምናን፣ ምርምርንና ማስተማርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋሐደ ሆነ። የሕመምተኛው ስቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ነው ብላ አስተማረች። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1987፣ ብሪታኒያ የማስታገሻ ሕክምናን ራሱን እንደቻለ የሕክምና ዘርፍ ተቀበለች።

በአሜሪካም ጆን ቦኒካ የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሕመም የተጻፈው እጅግ ጥቂት መሆኑን ተገነዘበ። በ1953 ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1973 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እንዲመሠረት የሐኪሞችንና የተመራማሪዎችን ጉባኤ ጠራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ያወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መመሪያም ለቀላል ሕመም እንደ አስፒሪንና ፓራሲታሞል ያሉትን፣ ከፍ ላለው እንደ ኮዴይን ያሉትን፣ ለከባዱ ሞርፊንን መድቦ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሊማረው በሚችል መንገድ አቀረበው።

የካምፓላ ምሳሌ

«ይህ ሁሉ የሀብታሞች ነገር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ዑጋንዳ ይመልከት። በ1993 ዶክተር አን ሜሪማን በካምፓላ ሆስፒስ አቋቋመች። የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በጠርሙስ ለሕመምተኛው ይሰጣል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሰውየውም በቤቱ ሆኖ ይወስደዋል። ነገር ግን ትእዛዙን የሚጽፍ ሐኪም በገጠር ከየት ይመጣል? መልሱ ትምህርት ሆነ። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ልዩ ሥልጠና ወሰዱ። በ2004 የተሻሻለው የዑጋንዳ ደንብም የሠለጠኑት ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደላቸው። ዑጋንዳ በዚህ ረገድ ቀዳሚ አገር ሆነች።

ትምህርት ሲጣመም

ታሪኩ ሌላም ገጽታ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ስለ ሕመም ማስታገሻ ሐኪሞችን ያስተማረው በአብዛኛው መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ ነበር። በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች፣ በሆስፒታል ተኝተው ስለሚታከሙ ሰዎች ብቻ የምትናገር አጭር ደብዳቤ፣ «ሱስ አያስይዝም» ለሚለው ስብከት ማስረጃ ሆና ቀረበች። ውጤቱ የብዙ መቶ ሺህ ሰዎች እልቂት ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ያለ እውቀት መፍራት፣ በሌላ ወገን ያለ እውቀት መዳፈር ሰውን ይጎዳሉ። የሁለቱም መድኃኒት ከሻጭ ወገንተኝነት የጸዳ መምህር ነው።

ሚዛኑ ምን ያህል እንደተዛባ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ገልጿል። በ2010–2013 በዓለም ላይ በየዓመቱ ከተሠራጨው፣ በሞርፊን መጠን ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው ማስታገሻ ውስጥ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ የማስታገሻ ሕክምና በጤና ባለሙያዎች መሠረታዊ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት አሳስቧል። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ሥራ ጀምሯል፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ግን ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚደርሰው በተማረ ሰው እጅ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን ስቃዩን የተናገረ ሰው፣ የሚሰማው የተማረ ጆሮ ካላገኘ መናገሩ ምን ይጠቅመዋል? በአር-ራዚ ጉባኤ ሕመምተኛው ከውጭ ባሉት ዘንድ መልስ ቢያጣ ወደ ውስጥ ያልፍ ነበር እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ዛሬ የጤና ትምህርት ቤቶቻችንን የሚመሩ፣ ልጆቻቸውን ለሕክምና የሚያስተምሩ፣ በጎ አድራጎት የሚያቋቁሙ ሁሉ ይህን ያስቡበት። «የምናደርግለት ነገር የለም» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ የሚወጣው ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ተምሮና አድርጎ ካበቃ በኋላ ብቻ ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜም ቢሆን ከሕመምተኛው አጠገብ መቀመጥ ይቀራል።