የሽጉጥ ዒላማ ተኩስ ልምምድ፦ ፍጥነት ለምን ከትክክለኛነት በኋላ ይመጣል?

በድሬ ዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ማሽላ በሚያሽትበት ወቅት ማሳ የሚጠብቅ ወጣት ወንጭፉን ከመወርወሩ በፊት እግሩን ያደላድላል። ተጣድፎ የወረወረው ድንጋይ ወፉን ስቶ ባልታሰበ ቦታ ሊያርፍ እንደሚችል ያውቃልና። የሽጉጥ ተኩስ መሠረትም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሳተ ጥይት የሰው ሕይወት ሊቀጥፍ መቻሉ ነው።

ትክክለኛነት

የሽጉጥ አፈ ሙዝ አጭር በመሆኑ ትንሽ የእጅ ንቅናቄ ጥይቱን ከዒላማው ያርቀዋል። አቅጣጫው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ ጥይቱ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሴንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር ላይ ደግሞ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የዓይን ድክመት ሳይሆን ቃታን በድንገት መሳብና ድምፁን ፈርቶ እጅን ማወዛወዝ ነው።

ስለሆነም ጀማሪ በአሠልጣኝ ክትትል፣ ባዶነቱ በተደጋጋሚ በተረጋገጠ መሣሪያ፣ ጥይት በሌለበት ስፍራ ቃታን በዝግታ መሳብን ይለማመዳል። ቀጥሎ በቅርብ ርቀት ጥቂት ጥይቶችን ተኩሶ ምቶቹ በአንድ ቦታ መሰብሰባቸውን ያያል። ምቶቹ ከተበታተኑ ርቀቱን ወይም ፍጥነቱን መጨመር ስሕተቱን ከማባዛት በቀር ፋይዳ የለውም።

ፍጥነት

ፈጣን ተኳሽ የሚባለው የማያስፈልግ እንቅስቃሴን ያስወገደ ነው። ሽጉጡን ከማኅደሩ ማውጣት፣ በሁለት እጅ መያዝ፣ ማነጣጠርና ቃታ መሳብ በየራሳቸው በዝግታ ከተለመዱ በኋላ ተያይዘው ይፈጥናሉ።

በኦሊምፒክ የወንዶች ፈጣን ሽጉጥ ውድድር ተወዳዳሪው በ25 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ 5 ዒላማዎችን በ8፣ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሴኮንድ ውስጥ ይመታል። የሀንጋሪው ወታደር ካሮሊ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ከጎዳው በኋላ በግራ እጁ እንደ ጀማሪ ተለማምዶ፣ በ1948 በለንደንና በ1952 በሄልሲንኪ በዚሁ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል።

በሌላ የውድድር ዓይነት ደግሞ የተገኘው ነጥብ ለወሰደው ጊዜ ይካፈላል። በ10 ሴኮንድ 50 ነጥብ ያገኘ ውጤቱ 5 ሲሆን፣ በ8 ሴኮንድ ጨርሶ 35 ነጥብ ብቻ ያገኘው ግን ከ4.4 አይበልጥም። የቀደመው ተሸነፈ ማለት ነው።

የልምምድ ቦታ

የሽጉጥ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ የተኩስ ሜዳ ጥይት የሚያስቀር ወፍራም የአፈር ግድብ፣ የተከለለ ዙሪያና ትእዛዝ የሚሰጥ ኃላፊ ሊኖረው ይገባል።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደርቆ ባዶ ሜዳ ቢመስልም ሰውና እንስሳ የሚመላለስበት ነው። በድንጋያማ ኮረብታ ላይ መተኮስም ጥይቱ ነጥሮ እንዲመለስ ያደርጋል። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም ተመልሶ መውደቁ አይቀርም።

ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ መሣሪያው ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጥራል፤ አፈ ሙዙን ወደ ሰው አያዞርም፤ ለመተኮስ እስኪወስን ጣቱን ከቃታ ያርቃል፤ ከዒላማው በስተጀርባ ያለውንም ያረጋግጣል። የጆሮና የዓይን መከላከያም አይለየውም።

ሕጉ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ልምምድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ፖሊስን ጠይቆ የሚፈቀድለትን ማወቅ አለበት። ፈቃድ ያለውም ቢሆን መሣሪያውንና ጥይቱን ለየብቻ፣ ሕፃናት በማይደርሱበትና በተቆለፈ ቦታ ቢያስቀምጥ ቤተሰቡን ከአደጋ ይጠብቃል።