አገር አቅንቶ መሬት ያጣው ሰው፤ ዳንኤል ቡን

በፊልምና በተረት የምናገኘው ዳንኤል ቡን ራሱ ላይ ጅራት ያለው የአውሬ ቆዳ ቆብ፣ ትከሻው ላይ ረጅም ጠመንጃ አለው። ጎረቤት በበዛበት ቁጥር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ የሚሸሽ፣ ከሰው ይልቅ ጫካ የሚወድ ባሕታዊ ቢጤ ነው። ቆቡ እንኳ እውነት አይደለም፤ ቡን ያደርግ የነበረው ሰፊ የሱፍ ባርኔጣ ነው። የቆቡስ ይቅር፤ እኛን ያነሳሳን ሽሽቱ ነው። ሰውዬው ከኬንታኪ የወጣው እውነት ጎረቤት ጠልቶ ነው ወይ? የሰማኒያ አምስት ዓመት ዕድሜውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንከተል በየቦታው የሚያጋጥመን ወረቀት ነው፦ የመሬት ወረቀት፣ የቅየሳ ወረቀት፣ የክስ ወረቀት። ስለዚህ እዚህ ላይ አዳኙን ትተን ባለመሬቱን እንከተል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቡን የተወለደው በ1734 በፔንስልቬንያ፣ ሬዲንግ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ነው። አባቱ ስኳየር ቡን ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሸማኔና አንጥረኛ ሲሆን ቤተሰቡ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ማኅበር አባል ነበር። ልጆቹ ከማኅበሩ ውጭ በማግባታቸው አባትየው ከማኅበርተኞቹ ጋር ተጣላና በ1750 ቤቱን ነቅሎ ወደ ደቡብ ወረደ። የሠፈሩት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በያድኪን ወንዝ ሸለቆ ነው። ዳንኤል እዚያ ርብቃ ብራያንን በ1756 አገባ፤ አሥር ልጆች ወለዱ። ትምህርቱ ትንሽ ነበር። ያነብባል፣ ይጽፋል፤ ፊደል አጻጻፉ ግን የጉድ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልን፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

በ1755 የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ በፈረንሳዮችና በነባር ሕዝቦች ላይ ሲዘምት ቡን ጋሪ ነጂ ሆኖ ተከትሎ ነበር። ዘመቻው ከሸፈ። ቡን ግን ከዚያ ጦር ይዞት የተመለሰው አንድ ወሬ አለ፤ ጆን ፊንሊ የሚባል ነጋዴ ከተራራው ማዶ ኬንታኪ ስለምትባል፣ ጎሽ እንደ ከብት ስለሚሰማራባት አገር አወራው። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ በ1769 ቡን ከዚሁ ከፊንሊ ጋር ተራራውን ተሻገረ። የተሻገሩበት ቦታ እኛ አገር ጣርማ በር እንደምንለው ዓይነት የተራራ በር ሲሆን ኩምበርላንድ ይባላል። ሁለት ዓመት አደነ፤ የሰበሰበውን ቆዳ ግን የሾኒ ሰዎች ቀሙት። ይህ የእኛ ማደኛ ነው፣ ሂድ፣ ዳግመኛ እንዳናይህ ብለው ሳይገድሉ ለቀቁት። ይህን ማስጠንቀቂያ ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ዘረፋ ያልፉታል። ለእኛ ግን ስለዚያች መሬት ከተነገሩት ቃሎች ሁሉ ግልጹ እሱ ይመስለናል።

መሬቲቱ የማን ነበረች? በ1768 ፎርት ስታንዊክስ በተደረገው ውል ኬንታኪን ለእንግሊዝ መንግሥት የለቀቁት ኢሮኳዎች ናቸው፤ ሾኒዎች ውሉ ውስጥ የሉበትም። በ1775 ደግሞ ሪቻርድ ሄንደርሰን የሚባል የሰሜን ካሮላይና ዳኛና ነጋዴ ትራንሲልቫኒያ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ 20 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ከቼሮኪዎች ገዛ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው ብንል 100 ኤከር ወደ አንድ ጋሻ ይጠጋልና ነገሩ 200,000 ጋሻ መሆኑ ነው። ዋጋው 10,000 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ነበር፤ ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ ጌጣጌጥ። ከቼሮኪዎቹ መሪዎች አንዱ ድራጊንግ ካኑ ሽያጩን አጥብቆ ተቃወመ። የሰማው የለም። እንግዲህ ኢሮኳውም ሸጠ፣ ቼሮኪውም ሸጠ፤ ሾኒው ሳይጠየቅ ቀረ።

ቡን በዚህ መካከል የሄንደርሰን ቅጥረኛ ነበር። ከሠላሳ የሚጠጉ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ በኩምበርላንድ በር በኩል ጫካውን እየመነጠረ መንገድ ከፈተና በኬንታኪ ወንዝ ዳር ቡንስቦሮ የተባለውን ምሽግ ቆረቆረ። ለድካሙ መሬት ሊሰጠው ነበር ስምምነቱ። ከዚያ በፊት ግን መሬቲቱ አንድ ጊዜ አስከፍላዋለች። በ1773 ቤተሰቡን ይዞ ለመስፈር ሲነሣ የበኩር ልጁ ጄምስ በመንገድ ላይ ተገድሏል፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ስለ ጦርነቱ ዓመታት ብዙ ተጽፏልና እኛ ቶሎ እንለፍ። በ1776 ልጁ ጀሚማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተጠልፋ ተከታትሎ አስጣላት። በየካቲት 1778 ጨው ሊያፈሉ ከወጡ ጓደኞቹ ጋር በሾኒዎች ተማረከ። አለቃቸው ብላክፊሽ ቡንን እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለውና ሸልቶዊ፣ ማለት ትልቁ ኤሊ፣ የሚል ስም አወጣለት። አራት ወር አብሯቸው ኖረ። ምሽጉን ሊወጉ መሆኑን ሲያውቅ አመለጠና 160 ማይል የሚሆን መንገድ በአራት ቀን ገሥግሦ ደረሰ። ከበባውን ካከሸፉ በኋላ የገዛ ወገኖቹ፣ ከጠላት ጋር ተሻርከሃል ብለው ጦር ፍርድ ቤት አቆሙት፤ ነጻ ወጣ፣ ሻለቃም ሆነ። በነሐሴ 1782 ብሉ ሊክስ ላይ ሁለተኛው ልጁ እስራኤል ዓይኑ እያየ ወደቀ። ይበቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሄንደርሰን የገዛውን መሬት የቨርጂኒያ መንግሥት በ1778 አላውቀውም አለ። ለሄንደርሰን ማካካሻ ተብሎ 200,000 ኤከር ተሰጠው። ለመንጣሪው ለቡንስ? ከኩባንያው የተገባለት ቃል ከኩባንያው ጋር ሞተ። በ1779 ቨርጂኒያ አዲስ የመሬት ሕግ አወጣች። ከ1778 በፊት የሠፈረ፣ አንድ ዓመት የኖረ ወይም በቆሎ ዘርቶ ያነሣ ሰው 400 ኤከር፣ በተጨማሪም 1,000 ኤከር በቅድሚያ የመግዛት መብት ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ደግ ሕግ ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መንግሥት በዚያው ሕግ የመሬት መግዣ ወረቀት ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ጀመር፤ ወረቀቱ ይሸጣል እንጂ መሬቱ አልተለካም። ገዢው ራሱ ሄዶ ቦታ መርጦ፣ አስመዝግቦ፣ አስቀይሶ፣ ማረጋገጫውን ማውጣት አለበት። ወሰኑ የሚጻፈው በዛፍና በጅረት ነበር። ዛፉ ሲቆረጥ፣ ጅረቱ መንገዱን ሲቀይር፣ ጅረቱን አንዱ በአንድ ስም ሌላው በሌላ ስም ሲጠራው አስቡት። አንድ መሬት ላይ ሦስትና አራት ሰው ይዞታ አስመዘገበ። ወረቀቶቹ እንደ ሣር ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተነባበሩ። የአሜሪካ መንግሥት በ1785 ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ያለውን መሬት በአራት ማዕዘን እየለካ እንዲሸጥ ሕግ ያወጣው ይህን የኬንታኪን ዓይነት ጣጣ ካየ በኋላ ነው።

በ1780 ቡን መሬት መግዣ ወረቀት ሊገዛ የራሱንና የጎረቤቶቹን ገንዘብ ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ወረደ። 20,000 ዶላር ያህል ነበር ይባላል። ማደሪያ ቤት ተኝቶ ሳለ ተሰረቀ። አንዳንዶቹ ባለገንዘቦች ማሩት፤ ሌሎቹን ግን ለዓመታት ሲከፍል ኖረ።

ቡን የሕጉ ሰለባ ብቻ ነበር ብለን ብንጽፍ ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። እሱ ራሱ ምክትል ቀያሽ ሆኖ ለብዙ ሰው ለክቷል። አገሩን የሚያውቅ ሰው ለባለገንዘብ ቦታ ሲጠቁም ድርሻው ብዙ ጊዜ ከመሬቱ ላይ ነበረና፣ በስሙ ያስመዘገበው መሬት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤከር ደረሰ። መሬት ይገዛል፣ መሬት ይሸጣል፤ ዛሬ የመሬት ደላላ የምንለው ዓይነት ሰው ነበር። ላይምስቶን በተባለው የኦሃዮ ወንዝ ወደብ መጠጥ ቤትና ሱቅ ከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1787 ሰባት ባሪያዎች ነበሩት፤ ይህ በዚያን ጊዜ ኬንታኪ እንደ ሀብታም የሚያስቆጥር ነው። ዱርዬ አዳኝ ነበር የሚለው ተረት እነዚህን ሰባት ሰዎች አይጠራቸውም።

ስሙ የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ጆን ፊልሰን የሚባል መምህር በ1784 ስለ ኬንታኪ መጽሐፍ ሲያሳትም የቡንን ታሪክ፣ ራሱ እንደተናገረው አድርጎ፣ መጨረሻው ላይ ጨመረበት። መጽሐፉ ባሕር ተሻገረ፣ በአውሮፓም ተተረጎመ። ፊልሰን ራሱ ኬንታኪ ውስጥ ብዙ መሬት ነበረው፤ ሰው ወደዚያ ሲጎርፍ የመሬቱ ዋጋ ይጨምርለታል። ከጀግናው ታሪክ ጀርባ የሻጭ ማስታወቂያ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ያ መጥፎ ፊደል እዚህ ላይ ይመጣል። ቡን ጫካ ውስጥ የማይሳሳት ሰው መዝገብ ቤት ሲገባ ይጠፋበታል። ምዝገባውን አንድ ደረጃ ያደርስና ሁለተኛውን ሳይጨርስ ይቀራል፤ የወሰን ምልክቱን አላልቶ ያስጽፋል። ከሁሉ የከፋው ማረጋገጫው ሳይወጣ መሬቱን ዋስ ሆኖ መሸጡ ነው። የገዛው ሰው በክርክር ሲረታ ተመልሶ ቡንን ይይዛል፤ ቡንም ሌላ መሬት ሸጦ ይከፍላል፣ ያኛውም መሬት ደግሞ ክርክር ይነሣበታል። በሌሎች ክርክር ምስክር ሆኖ ሲቀርብም የተረታው ወገን ይጠላዋል፣ በጉቦ መሰከርክ ይለዋል። በመጨረሻ መሟገቱን ተወው።

በ1796 ለኬንታኪ ገዥ ለአይዛክ ሼልቢ ደብዳቤ ጻፈ። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት በመጥረቢያ የከፈተው መንገድ ለጋሪ እንዲበቃ ሊሰፋ ነውና ሥራውን ለእኔ ስጡኝ የሚል ነው። ሥራው ለሌሎች ተሰጠ። በ1798 ደግሞ ለምስክርነት ተጠርቶ ባለመቅረቡ ተይዞ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ወጣበት፤ ፖሊስ ፈልጎ አላገኘውም። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በዚያው ዓመት የኬንታኪ ምክር ቤት አንድ አውራጃ በስሙ ሰየመለት።

በ1799 ዕድሜው ስድሳ አምስት ሊሞላ ሲል ኬንታኪን ጥሎ ሚሲሲፒን ተሻገረ። ያኔ ሚዙሪ የስፔን ግዛት ነበረች። የስፔን ሹማምንት በክብር ተቀበሉት፤ 1,000 አርፓን፣ ማለት 850 ኤከር ያህል መሬት ሰጡት፣ የፌም ኦሳጅ አጥቢያ ዳኛም አደረጉት። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኝ ነበር። የሚፈርደው በሕግ መጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ግምት ነው ይባላል፤ በኬንታኪ ሕግ ያን ያህል የተገረፈ ሰው ቢያደርገው አይፈረድበትም። በዚያ አገር ቀድመው ተሰድደው የሠፈሩ ሾኒዎችም ነበሩ፤ ከድሮ ማራኪዎቹ ጋር ተገናኝቶ ጨዋታ ያነሣ እንደነበር ይነገራል። ሁለቱም ከኬንታኪ የወጡ ናቸው፤ ልዩነቱ ሾኒው የሚከራከርበት ወረቀት እንኳ አልነበረውም።

የስፔን ስጦታ ደንብ ነበረው፦ ባለመሬቱ መሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ ማረስ፣ ወረቀቱንም ኒው ኦርሊንስ ልኮ ማጸደቅ አለበት። ቡን አንተ ዳኛ ነህና ግዴታ የለብህም ስለተባለ ሁለቱንም አላደረገም፤ የሚኖረው ከልጆቹ ጋር ነበር። በ1803 አሜሪካ ሉዊዚያናን ገዛች፣ ሚዙሪም አብራ ተሸጠች። መዝገብ ቤቱ ተከትሎት መጣ። በ1809 የመሬት ኮሚሽነሮቹ ማስረጃው አልተሟላም ብለው ጥያቄውን ጣሉት። ሽማግሌው ለአሜሪካ ምክር ቤት አቤት አለ። ርብቃ በመጋቢት 1813 ሞተች፤ ምክር ቤቱ 1,000ውን አርፓን ያጸደቀለት በቀጣዩ ዓመት በየካቲት 1814 ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወሬው ኬንታኪ ሲደርስ የድሮ ባለዕዳዎች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ ቡን መሬቱን ሸጦ ከፈላቸው። ዕዳውን ሁሉ ዘግቶ ኪሱ ውስጥ የቀረችው ሃምሳ ሳንቲም ናት የሚል ወሬም አለ። ወሬ ነው፤ ግን ከቆቡ ይልቅ ይመስላል።

በ1820 ክረምት መግቢያ ቼስተር ሃርዲንግ የሚባል ሠዓሊ ፍለጋ መጥቶ መልኩን ሣለው። በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት ተቀምጦ የተሣለ የሚታወቅ ሥዕሉ ይኸው ብቻ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጸጉሩ ነጭ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 26 ቀን፣ ሰማኒያ ስድስት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በልጁ በናታን የድንጋይ ቤት ውስጥ ዐረፈ። በስሙ ይህ ነው የሚባል መሬት አልነበረም። ርብቃ አጠገብ ቀበሩት።

በ1845 ደግሞ የኬንታኪ ሰዎች መጥተው የሁለቱንም ዐፅም ቆፍረው ወሰዱና ፍራንክፈርት ላይ በታላቅ ሰልፍ ቀበሩ፤ ሐውልትም አቆሙ። የሚዙሪ ሰዎች ግን የቆፈራችሁት ሌላ መቃብር ነው፣ ቡን እዚሁ ነው ብለው ይከራከራሉ። ያን ጊዜ የራስ ቅሉን በጄሶ ቀርጸው አስቀምጠው ነበርና በ1983 አንድ የኬንታኪ የዐፅም ባለሙያ መረመረው፤ የጥቁር ሰው ሳይሆን አይቀርም አለ። ሌሎች ባለሙያዎች ጄሶው ለዚያ ዓይነት ፍርድ አይበቃም ብለዋል። በሚዙሪው የመቃብር ስፍራ ግን ስም ያልተጻፈባቸው የባሪያ መቃብሮች እንደነበሩ ይነገራል።