ከቆርቆሮ በላይ ያለች ሽቦ

በደርግ ዘመን የባሕር ማዶ ሬድዮ የሚያደምጥ ሰው ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ለጥፎ ነበር የሚሰማው። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ነው (እ.ኤ.አ.)፤ ሁለቱም በአጭር ሞገድ። እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው! የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ሽቦው ከቤት መውጣት አለበት። ውጭ የወጣ ሽቦ ደግሞ ለጎረቤትም ለቀበሌም ይታያል። (ከልብስ ማስጫ ሽቦ ማን ይለየዋል ካላችሁ፣ እኔም እሱኑ ነው የማስበው።)

ርዝመቱስ? በ31 ሜትር ባንድ የሞገዱ ሩብ ስምንት ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ሽቦ ከሬድዮኑ አንቴና ጋር ቢታሰር ይበቃል። «በረዘመ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ለትንሿ ትራንዚስተር አይሠራም፤ ኃይለኛ ጣቢያዎች ያጥለቀልቋትና አንዱ በሌላው ላይ ይጮኻል።

ሽቦ የማይፈታው ነገርም አለ። በማርች 2010 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የማፈን አቅም እየተሞከረ መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። አድማጩ ሽቦውን ቢያረዝም ምን ዋጋ አለው? የማፈኛው ጩኸትም አብሮ ይጎላል።