ለገሃር፦ የአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ ባለቤቶችና የስሙ ታሪክ

መግቢያ

የአዲስ አበባው ቸርችል ጎዳና በደቡብ በኩል በሚያበቃበት ስፍራ፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት በስተጀርባ፣ በፈረንሳዊ አርክቴክት ንድፍ የተሠራ የባቡር ጣቢያ ቆሟል። ሕንፃው በ1929 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተጠናቀቀ ወዲህ ባለቤቱ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ከ2008 አካባቢ ጀምሮም መንገደኛ አይሳፈርበትም። አካባቢው ግን ዛሬም «ለገሃር» ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ሲሆን ፍቺውም «ጣቢያው» ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሕንፃውን የባለቤትነት ታሪክና የስሙን ታሪክ ጎን ለጎን ይመለከታል። በየዘመኑ ባለቤት የሆኑት ወገኖች የሰጧቸው ስሞች ከባለቤትነታቸው ጋር አብረው አልፈዋል። ጸንቶ የቆየው ስም ሕንፃውን በሰነድ ይዘው የማያውቁ ሰዎች በአፋቸው የሠሩት ነው። በአሁኑ ጊዜ ስሙም እንደ ሕንፃው ባለቤት የሚፈለግለት ንብረት መሆን ስለጀመረ ጉዳዩ የቋንቋ አጥኚውንም የሚመለከት ሆኗል።

የባለቤትነቱ ታሪክ

ዐፄ ምኒልክ ሐዲድ የመዘርጋቱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኔ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ሥራውን በ1897 ከጅቡቲ ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ አደረሰው። ኩባንያው በገንዘብ እጦትና በፈረንሳይ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ምክንያት ከዚያ ማለፍ ስላልቻለ በ1908 ፈቃዱ ወደ ሌላ፣ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ተብሎ ወደሚታወቀው ኩባንያ ተላለፈ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን ዛሬ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕንፃው ከመጀመሪያው አንሥቶ በኢትዮጵያ ርእሰ ከተማ የቆመ፣ ባለድርሻዎቹ ግን በአብዛኛው ባሕር ማዶ የነበሩ ንብረት ነበር። ጣሊያን በጃንዋሪ 1935 ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው ስምምነት ከኩባንያው 2,500 አክሲዮኖች አገኘች፤ በወረራው ዘመንም መስመሩ በእርሷ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ከድል በኋላ የእንግሊዝ ጦር ለጊዜው ተቆጣጠረው። በ1959 ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በተፈራረሙት ውል መሠረት ኩባንያው በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ፈረንሳይ የነበራት ስፍራ ለጅቡቲ ሆነ፤ በ1981ም የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት የሆነው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ለውጥ በወረቀት ላይ ስምን ለውጧል። «ንጉሠ ነገሥታዊ» የሚለው ቅጽል «ፍራንኮ-ኢትዮጵያ» ለሚለው፣ እርሱም «ኢትዮ-ጅቡቲ» ለሚለው ስፍራውን ለቀቀ። የሥራው ቋንቋ ግን በቀላሉ አልተለወጠም። የፈረንሳይ ድርሻ ካበቃም በኋላ ፈረንሳይኛ በድርጅቱ የጽሕፈት ሥራ ውስጥ ቆይቷል፤ የሕንፃው ገጽም የድርጅቱን ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ይዞ ታይቷል።

በሐዲዱ የመጡ ቃላት

ከባቡሩ ጋር የገቡት ቃላት ከአንድ ምንጭ አልተቀዱም። «ባቡር» ራሱ እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል እንደመጣ ይታመናል። «ሐዲድ» ብረት ማለት የሆነው የዐረብኛ ቃል ነው። «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ በቀጥታ ተወስዷል። በድሬዳዋ ደግሞ «የብረት መንገድ» የሚል ፍቺ ያለው የፈረንሳይኛ ሐረግ ሦስቱ ቃላቱ ተዋሕደው «ሸመንደፈር» ሆኗል። ቃላቱ የገቡት በመጻሕፍት ሳይሆን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ዐፋርኛና ዐረብኛ በሚሰሙበት የሥራ መስመር ላይ ነው።

የድሬዳዋ ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሐዲዱ ሲደርስ ለከተማዋ የተሰጣት መንግሥታዊ ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ስሙ በሰነድ ላይ ቀረ፤ ከተማዋ ቀድሞ ስፍራው በሚጠራበት ስም ጸናች።

«ለገሃር» በዚሁ ሥርዓት የተወለደ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው የፈረንሳይኛው መስተአምር «ላ» ከስሙ ጋር መዋሐዱ ነው። ይህ በጆሮ ብቻ በተወሰዱ ቃላት ዘንድ የተለመደ ክስተት ነው፤ ሰሚው የመስተአምሩንና የስሙን ወሰን የሚለይበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛው የ«ሃ» መጨመር ነው። በፈረንሳይኛ ከመጨረሻው «ር» በፊት ያለው አናባቢ ይረዝማል፤ «ር»ውም ከእንጥል አካባቢ በመፋተግ የሚፈጠር ድምፅ ነው። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ፍቺ አይለይም። ስለዚህ ረጅሙ አናባቢ ለሁለት ቀለም ተከፍሎ በመካከሉ «ሀ» እንደገባ፣ ወይም የእንጥሉ ፍትጊያ እንደ «ሀ» እንደተሰማ መገመት ይቻላል። ሁለቱ መላምቶች አይቃረኑም።

ሦስተኛው ነጥብ የመጀመሪያው ቀለም ከ«ላ» ወደ «ለ» መለወጡ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ «ለገጣፎ» እና «ለገዳዲ» የመሰሉ፣ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት በሆነው «ለጋ» የሚጀምሩ የቦታ ስሞች አሉ። «ለገሃር» ከእነዚህ ጋር በአንድ ረድፍ ሲቀመጥ ባይተዋርነቱ አይታወቅም፤ የፈረንሳይኛውን ምንጭ የማያውቅ ሰው የወንዝ ስም ነው ብሎ ቢገምት አያስገርምም። የአገሬው የስም አሰጣጥ ሥርዓት እንግዳውን ቃል በራሱ መልክ እንደቀረጸው ይህ ጠንካራ ፍንጭ ነው። በድሬዳዋ «ለገሃሬ» የሚባል ሰፈር መኖሩም ልብ ሊባል ይገባል። የመጨረሻው አናባቢ ስሞቹ በአብዛኛው በአናባቢ ከሚያልቁት ከኦሮምኛ ሥርዓት ጋር ይስማማል።

ለንጽጽር የሚረዳ ሌላ ማስረጃ በጣቢያው አካባቢ ይገኛል፤ ይኸውም «ቡፌ ደ ላ ጋር» የተባለው ምግብ ቤት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ያው ቃል ሳይዋሐድና «ሃ» ሳይጨመርበት ይገኛል። ሁለቱ ቅርጾች በአንድ ስፍራ፣ በተመሳሳይ ዘመን የኖሩ ናቸው። «ላ ጋር» የገባው ፈረንሳይኛ በሚያነብ ደንበኛና በተጻፈ ሰሌዳ በኩል ነው። «ለገሃር» ደግሞ የመጣው በተሸካሚው፣ በነጋዴውና በመንገደኛው አፍ ነው። ልዩነታቸው የድምፅ ብቻ ሳይሆን የመደብም ነው።

ባቡር የሌለበት ጣቢያ

አንድ ሜትር ስፋት የነበረው የቀድሞው ሐዲድ እያረጀ ሲሄድ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ዓላማውን ሳያደርስ ቀረ። በ2007 የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ዕቅዱም የቀድሞውን መስመር ማደስ ሳይሆን አዲስ መዘርጋት ሆነ። በኦክቶበር 2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመንገደኛ ጣቢያውም ከመሐል ከተማ ርቆ በፉሪ-ለቡ ተሠራ። የአዲሱ መስመር ድርጅት ድርሻ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው።

የስሙ ባሕርይ የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። «ለገሃር» ጣቢያ የሚለውን ፍቺውን ይዞ ቢሆን ኖሮ ባቡሩን ተከትሎ ወደ ለቡ መሄድ በቻለ ነበር። አልሄደም። ለተናጋሪው ቃሉ የአገልግሎት ስም መሆኑ ቀርቶ የቦታ ስም ሆኗል። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የአንበሳ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች መነሻና መድረሻ በመሆኑ በየቀኑ ይነገራል። በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም አንዱን ፌርማታውን «ለገሃር» ብሎታል። «ለገሃር ጣቢያ» የሚለው አጠራር በምንጩ ሲፈታ «ጣቢያው ጣቢያ» ማለት ነው፤ ድግግሞሹ ጆሮ አለመቆርቆሩ የቀድሞው ፍቺ ፈጽሞ መጥፋቱን ያሳያል።

ስሙ የማን ነው?

በኖቬምበር 2018 መቀመጫው አቡ ዳቢ የሆነው ኢግል ሂልስ በ36 ሄክታር መሬት ላይ የመኖሪያና የንግድ ከተማ ለመገንባት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሥራውን አስጀመረ። የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት ተጠብቆ በግንባታው ውስጥ እንደሚካተት፣ ነዋሪዎችም በዚያው አካባቢ ቤት እንደሚሠራላቸው በጊዜው ተገልጿል። የግንባታው የገበያ ስም «ላ ጋር» ነው፤ በላቲን ፊደል፣ መስተአምሩ ከስሙ ተለይቶ ይጻፋል።

ተናጋሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያዋሐዱት፣ «ሃ» የጨመሩበትና የአገር ስም ያስመሰሉት ቃል በዚህ አጻጻፍ ወደ መነሻው ተመልሷል። ያስመለሰው የቀድሞው የፈረንሳይ ኩባንያ ሳይሆን ከቋንቋውም ከባቡሩም ጋር ግንኙነት ያልነበረው ባለሀብት ነው። ተመልሶ የመጣው ፈረንሳይኛም ክብርን ለገዢ የሚያመለክት ምልክት እንጂ የሥራ ቋንቋ አይደለም። የምግብ ቤቱ ሰሌዳ ቅርጽ አሸንፎ የተሸካሚው ቅርጽ በአውቶቡስ ረዳቶች ጥሪ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ቅርስ ጥበቃ በተለመደው አሠራሩ ግድግዳን፣ ጣሪያንና ሐውልትን ይመዘግባል። «ፉርጎ»፣ «ሸመንደፈር»ና «ለገሃሬ» የተባሉበትን የንግግር ዓለም ግን በግድግዳው ውስጥ ማቆየት አይቻልም። ያንን ዓለም የሚያውቁት በሁለቱ ከተሞች፣ በአዋሽና በጅቡቲ የቀሩት የቀድሞ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በፈረንሳይኛ የተጻፉት የድርጅቱ ሰነዶች የባለቤትነቱን ታሪክ ያስረዱ ይሆናል፤ የስሙን ታሪክ ግን አልጻፉትም፤ በእነርሱ ዘንድ ጣቢያው ምንጊዜም «ላ ጋር» ነበርና። ስለዚህ ሠራተኞቹ ለዕቃዎቹ፣ ለሥራ ማዕረጎቹና ለጣቢያዎቹ የሚሰጧቸውን ስሞች በየቋንቋው በድምፅ መቅዳትና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ከሕንፃው እድሳት ጋር እኩል የሚታይ፣ ከእርሱ ይልቅ ግን ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው። ሕንፃው ጥገናን መጠበቅ ይችላል፤ ተናጋሪዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።